አንገቷ የተቀየረው የአሲያ ሞተር

አሲያ ሞተር ስትነዳ ያላያት ሰው እኔ ስለ እሷ የማወራው ግነት ይመስለዋል። ይምሰለው! በግራና ከተማ ዙሪያ የከብት ሐኪም ናት፤ ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ረጅም። የምትሄድባቸው መንደሮች ዳገት ላይ ናቸው፤ መንገዱ ድንጋይ ነው፣ ጠመዝማዛ ነው። ሞተሯ ደግሞ ለዚያ አልተሠራችም። የፊት ጎማዋን የያዙት ሁለት እግሮቿ ወደ ፊት ስለተዘረጉ ሜዳ ላይ ቀጥ ብላ ትበራለች፤ ጠባብ እጥፋት ላይ ግን ዙሪ ሲሏት አሻፈረኝ ትላለች።

አንዲት እጥፋት ላይ ሁለት ጊዜ ጣለቻት። አባቷ አብዱልሐሊም የተላጠ ጉልበቷን አይተው፣ «ሦስተኛ ከወደቅሽ ቁልፉን ለእኔ ነው የምታስረክቢ። ወላሂ ብያለሁ» አሏት። እሳቸው ደግሞ አንዴ ከማሉ አይመለሱም። በእግሩ የሚሄድ ሐኪም የሚደርሰው ላሟ ከሞተች በኋላ ነው። ስለዚህ አሲያ እንቅልፍ አጣች።

መርሳ ከተማ ያለው መካኒክ፣ ጋሽ ዘረሰናይ፣ ችግሯን ሰምቶ ሲያበቃ ያየው እሷን ሳይሆን አብሬያት የመጣሁትን እኔን፣ ይታገሱን፣ ነበር። ከጋራዡ ጓሮ የተኛች፣ ኢንጂኗ የተቃጠለ ሞተር ነበረችኝ። ሌላ ሞዴል ናት፤ የፊት እግሮቿ ቀና ያሉ ስለሆኑ ጠባብ ቦታ ላይ ቶሎ ትዞር ነበር።

«ይታገሱ፣ አንገቷን ስጠኝ» አለኝ።

አንገት የሚለው ሁለቱን የፊት እግሮች ከመሪው ጋር አያይዞ የሚይዘውን ብረት ነው። የገዛ ሞተርን አንገት መስጠት ቀላል እንዳይመስላችሁ! ግን ሰጠሁ።

መሪው የሚሽከረከርበት የአንዷ ኩሽኔታ ለሌላዋ አልገባ ብሎ ጋሽ ዘረሰናይ ሁለት ቀን ሙሉ ሲለካና ሲፍቅ ዋለ። በመጨረሻ ገባ። የአሲያ ሞተር የፊት እግሮች ወደ ኋላ ሰብሰብ ብለው ቀና አሉ፤ እኔ ራሴ ደስ ብሎኝ አጨበጨብኩ። ጋሽ ዘረሰናይ የሠራትን ሞተር ራሱ ሳይቀመጥባት ለባለቤቷ አይሰጥም። «የነካ ይቀመጥ!» ብሎ ከአሲያ ኋላ ተፈናጠጠ።

ስህተታችን እዚህ ላይ ነው። የመርሳ መካኒክ ሞተር የሚሞክረው አስፋልት ላይ ነው፤ እኛም ሳናስብ እዚያው ወሰድናት። ቀና ያለ እግር ለፍጥነት አይሆንምና፣ ፍጥነት ስትጨምር መሪው ይርገበገብ ጀመር! ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ! አሲያ እንደምንም ታግላ አቆመቻት። ቀና ስትል፣ ለገበያ የመጡት አባቷ መንገዱ ዳር ቆመዋል።

«ቁልፉን» አሉ እጃቸውን ዘርግተው።

«አባባ፣ አልወደቅሁም እኮ!»

«ልትወድቂ ነበር።»

«እስቲ ይንገሩኝ፣ እኔ አስፋልት ላይ በሬ አክሜ አውቃለሁ? የእኔ ሥራ ዳገት ነው። እዚያችው እጥፋት ላይ ልሞክራት። እግሬ መሬት ከነካ ቁልፉን ራሴ አመጣልዎታለሁ።»

አብዱልሐሊም ሞተሯን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ።

«ቢስሚላህ በይ» አሉ።

እሷና ጋሽ ዘረሰናይ በሞተሯ አስፋልቱን ቀስ እያሉ፣ እኔና አባቷ በባጃጅ ቀድመናቸው ሄድን። እጥፋቷ ጋ ስንደርስ አባቷ አንድ ድንጋይ ላይ ቆሙ። ከንፈራቸው በዱዓ ይንቀሳቀሳል። እኔም ዓይኔን ከመንገዱ አልነቀልኩም፤ ያ አንገት የእኔም ነው!

መጣች። ጋሽ ዘረሰናይ ከኋላዋ ጥርሱን ነክሷል። መሪውን ጠመዘዘች፤ ሞተሯም እሺ ብላ ሽቅብ ዞረች! አሲያ እግሯን ንቅንቅ አላደረገችም። ላይ ደርሳ ተመለሰች። ቁልቁል ይባስ ይፈራል፤ ሁለቱንም ጊዜ የወደቀችው ቁልቁል ስትወርድ ነው። ቁልቁልም ዞረች! እኔ ጮህኩ፣ ጋሽ ዘረሰናይ ጮኸ። አሲያ ፊታችን አቁማ እያለከለከች አባቷን አየች።

አብዱልሐሊም ከድንጋዩ ወረዱ።

«ዘረሰናይ፣ ውረድልኝማ» አሉ።

ሽርጣቸውን ሰብስበው እሱ በተቀመጠበት ተቀመጡ። በዕድሜያቸው ሙሉ ሞተር ላይ ወጥተው አያውቁም። ሁለት እጃቸውን ልጃቸው ትከሻ ላይ ጣል አደረጉ።

«ቀስ ልበል አባባ?» አለች አሲያ።

«ምን ቀስ አለው? ንጂ!»