ቀይ ወርቅና የአያ ሙላት ጀሪካን

ንጋት፣ ባሕር ዳር

ከፋሲሎ ሰፈር ስንነሳ ገና አልነጋም። ባጃጁ ውስጥ አጠገቤ ጎረቤቴ ሰሚራ አለች፤ የኬሚስትሪ መምህርት ናት። የታቀፈችው የፕላስቲክ ሳጥን ወይን ጠጅ የመሰለ ፈሳሽ ያለባቸው ትንንሽ ብልቃጦች ሞልተውበታል።

«ወርቅ ነው፤ በዓይን እስከማይታይ የደቀቀ» አለችኝ። «ውኃ ውስጥ ፀረ ተባይ ካለ ቀዩ ሰማያዊ ይሆናል። ዛሬ የጣናን እንመረምራለን።»

ቀይ ወርቅ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ሳጥኑን በጎሪጥ አየሁት።

ረፋድ፣ ጣና ላይ

የጀልባው ባለቤት አያ ሙላት ዓሣ አስጋሪ ናቸው። ሳጥኑን ከእኔም ብሰው ጠረጠሩት።

«ልጄ፣ ሐይቁ ተመርዟል ብለሽ ብታወሪ ዓሣዬን ማን ይገዛኛል? ሌላ ሥራ አላውቅም።»

«ያየሁትን አልደብቅዎትም» አለቻቸው። መልሱ ለሁለታችንም አልጣመንም።

ፀሐዩ ሲበረታ ከቢጫ ጀሪካናቸው ውኃ ቀዱልኝ። ሰሚራ የራሷን ይዛለች። እኔ ግን ደጋግሜ ጠጣሁ፤ በዚያች ጀልባ ላይ ያመንኩት ነገር እሱ ብቻ ነበር።

ከቀትር በኋላ፣ የሽንኩርት ማሳ ዳር

ሽንኩርቱ እስከ ሐይቁ አፍ ድረስ ወርዷል። የውኃ መሳቢያው ሞተር ይንደቀደቃል። መርጫ ያዘሉ ገበሬዎች ወዲያና ወዲህ ይላሉ፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል።

ሰሚራ የሐይቁን ውኃ ብልቃጥ ውስጥ ጠብ አደረገች። ጠበቅን። ቀይ እንደሆነ ቀረ።

አያ ሙላት ሳቁ። «አላልሁሽም? እስቲ የኔንም መርምሪው!» ብለው ከጀሪካናቸው ቀድተው ሰጧት።

ቀዩ ደፈረሰ፤ ከዚያም ሰማያዊ ሆነ።

አታለለችን አልኩ በልቤ። «ድገሚው!» አልኳት። በአዲስ ብልቃጥ ደገመችው። ከቤቷ ያመጣችው ውኃ ቀይ እንደሆነ ሲቀር የጀሪካኑ አሁንም ሰማያዊ ሆነ።

«አያ ሙላት፣ ጀሪካኑን ከየት አገኙት?» አለች ሰሚራ።

«ከዚሁ ማሳ። የተባይ መድኃኒቱ ሲያልቅ ባዶውን ሰጡኝ። በአመድ አጥቤዋለሁ፣ በጠጠር ፈትጌዋለሁ። ሽታም የለው!»

ከጀሪካኑ ስንት ጊዜ እንደጠጣሁ መቁጠር ጀመርኩ።

«ላብራቶሪ ያረጋግጠው» አለች ሰሚራ፤ «እስከዚያ ግን ማንም እንዳይጠጣበት።»

አያ ሙላት ጀሪካኑን በቢላዋ ወጉት። ውኃው እየፈሰሰ ሳለ ቀና አሉ።

«ሁለት ነበር የሰጡኝ። አንዱ ቤት ነው፤ እርጉዟ ልጄ ትጠጣበታለች።»

ምሽት፣ መመለሻ

አያ ሙላት የልጃቸው ስልክ ላይ ደጋግመው ደወሉ፤ አይነሳም። የጀልባዋን ሞተር እስከ መጨረሻው ከፈቱት።

ጀልባዋ መሬት ሳትነካ አያ ሙላት ዘለሉ። ጉልበታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ እየሮጡ «እንዳትጠጪ! እንዳትጠጪ!» ይላሉ። ቤታቸው ከዳርቻው ሩቅ ነው፤ እንደማትሰማቸው ያውቃሉ። ጀልባዋን ሳያስሩ ስለሄዱ ገመዱን ይዤ ቀረሁ።