ስንጥቁ ላይ የተለጠፈችው መስታወት

አባቴ ጡረታ የወጣ የሳይንስ መምህር ነው፤ ጡረታው ግን ከትምህርት ቤት እንጂ ከጥያቄ አይደለም። ካዛንቺስ ባለው ቤታችን ቁርስ ያለ ጥያቄ አይበላም። "ትኩስ ሻይ ሲቀዳበት ቶሎ የሚሰነጠቀው ወፍራሙ ብርጭቆ ነው ቀጭኑ?" ይላል። ወይም፣ "ስልክሽ በፎቶ ሲሞላ ይከብዳል?" እኔ ቢሮ ይረፍድብኛል፣ እሱ መልስ ይጠብቃል። እናቴ፣ "ኧረ ተዋት ልጅቷን፣ ትብላበት!" ትለዋለች።

ክረምቱ እንዳለፈ ከአጥራችን ጀርባ ለፎቅ የሚሆን ጉድጓድ መቆፈር ጀመሩ። ማሽኑ መሬቱን ሲደበድብ ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የእናትና አባቴ መኝታ ቤት ግድግዳ ከመስኮቱ ጥግ እስከ ወለሉ ተሰንጥቆ አገኘነው።

"አባዬ፣ ይሄ ነገር ይወድቅብን ይሆን?" አልኩት።

"ጥያቄው እሱ አይደለም" አለኝ። "ቆሟል ወይስ እየሄደ ነው? ጥያቄው እሱ ነው።"

ከአልጋው ሥር ትንሽ ካርቶን አወጣ፤ ውስጡ ጡረታ ሲወጣ ትምህርት ቤቱ የሰጠው፣ ማይክሮስኮፕ ላይ የሚቀመጡ ስስ መስታወቶች። አሥር ነበሩ። አንዷን ስንጥቁ ላይ አጋደማትና ሁለቱን ጫፎቿን በጄሶ ለጠፋቸው። መስታወት አይለጠጥም፤ ግድግዳው የፀጉር ያህል ቢከፈት ትሰበራለች።

"የተሰበረች ዕለት ጀሞ እህቴ ቤት እንገባለን። ክርክር የለም፣ በቃ!" አለ አባቴ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት በስልኩ መብራት ያያታል፤ መጥቶ "ደህና ናት" ይላል፤ እኛም እንበላለን።

የመኝታ ቤቱ በር ግን አልዘጋ እያለ መጣ። አንድ ቀን አባቴ፣ "ብርቱካን እዚህ ወለል ላይ ብናስቀምጥ ወዴት ይሄዳል?" ብሎ አስቀመጠው። ብርቱካኑ ትንሽ አመነታና ወደተሰነጠቀው ግድግዳ ተንከባለለ። ማንም አልሳቀም። እናቴ አንስታ ላጠችው።

መስታወቷ ደህና ናት፣ ምን ይባላል?

አሁን የራሴን ልናገር። ሁለቱ ለቅሶ ሄደው ብቻዬን የነበርኩ ቀን ወደዚያ ክፍል ገባሁ። መስታወቷ ለሁለት ተሰብራለች። ክው አልኩ። ቀጥሎ የመጣብኝን ማውራት ያሳፍራል፦ የጀሞ የታክሲ ሰልፍ! ከዚህ እኮ ቢሮዬ በእግሬ ነው የምሄደው። "አንድ ወር ብቻ" አልኩና ከካርቶኑ አንዷን አውጥቼ በተረፈው ጄሶ ለጠፍኩ። ስባሪውን በሶፍት ጠቅልዬ ቢሮ ወስጄ ጣልኩት። በማግስቱ አባቴ አይቷት መጣ። "ደህና ናት" አለ፣ ዓይን ዓይኔን ሳያየኝ።

ሳምንት አልቻልኩም። ማሽኑ በመታ ቁጥር ሁለቱ የሚተኙበት አልጋ ይታየኛል። ቅዳሜ ምሳ ሊቀርብ ሲል ልነግራቸው ወስኜ፣ አንድ ብቻ መውሰዴን ላሳያቸው ብዬ ካርቶኑን ከፈትኩ። ስምንት መሆን ነበረበት። ስድስት ናቸው። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ስድስት።

ካርቶኑን ይዤ ወደ ሳሎን ወጣሁ።

"ዛሬ ጠያቂዋ እኔ ነኝ" አልኩ። "አሥር ነበሩ። አንዷን አባዬ ለጠፈ። አንዷን እኔ፤ ተሰብራ አግኝቼ ቀየርኳት፣ ይቅር በሉኝ። ሁለቱስ የት ገቡ?"

እናቴ ጭልፋውን አስቀመጠች። "አንዷ የኔ ናት" አለች። "የሠላሳ ዓመት ጎረቤቶቼን ጥዬ የት ልግባ ብዬ ነው።"

ሁለታችንም ወደ አባቴ ዞርን። ተማሪ የላቦራቶሪ ውጤት ሲኮርጅ ዜሮ ይሰጥ የነበረ ሰው፣ አንገቱን ደፋ።

"በዚህ ዕድሜዬ እህቴ ላይ ጥገኛ ልሁን?" አለ።

"ዓሣ ግማቱ ከአናቱ!" አለች እናቴ። ግድግዳው ሦስት ጊዜ ተናግሯል፤ ለእያንዳንዳችን ለብቻ። እኛ ደግሞ በየጠዋቱ "ደህና ናት" እየተባባልን ሥሩ ስንተኛ ከረምን። ፈራሁ፤ ከግድግዳው ይልቅ እኛን ፈራሁ።

"አሁን እንውጣ" አልኩ።

"ምሳ ቀርቧል እኮ" አለች እናቴ። "በልተን።"

ከጀርባ ማሽኑ ጀመረ። ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። ከዚያ ከመኝታ ቤቱ ቀጭ የሚል ትንሽ ድምፅ ተሰማ።

አባቴ ቀና አለ። "አሁንስ የማን ተራ ነው?" አለ።

እናቴ ነጠላዋን አነሳች። ምሳው እንደቀረበ ቀረ።