መብራት እስኪሄድ

ያን ጊዜ ጎንደር ውስጥ ፍላሽ በገባበት ኮምፒውተር ሁሉ ቫይረስ አብሮ ይገባ ነበር። ፋይሉን መንታ መንታ ያደርገዋል። የማናውቀውን ፋይል ሳይውል ሳያድር ማጥፋት የሁላችንም ልማድ ነበር።

ጥምቀት ሳምንት ሲቀረው በኮምፒውተር ባለሙያነት የምሠራበት ሆቴል ባለቤት ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ የምላቸው፣ ፀዳ ከሚባለው ሰፈር፣ ቤቴ ሳለሁ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ እንግዶች ክፍል የሚይዙበት ማሽን ላይ ቫይረስ ተራብቶ አገኘሁ። ከየፋይሉ ጎን መንታ! ጠራርጌ አጠፋሁልሽ፣ ከኮምፒውተሩ ቆሻሻ ቅርጫትም ጭምር።»

ሳቄ መጣ። መንታዎቹን የሚሠራቸው የክፍል ማስያዣው ድረ ገጽ የተጻፈበት የኮምፒውተር ቋንቋ፣ ራሱ ፓይተን ነው። የጻፍነውን አንዴ ፈጭቶ ያስቀምጣል፣ ሲነሳ እንዳይዘገይ። ከተነሳ በኋላ ሁሉን በጭንቅላቱ ስለሚይዝ ዞር ብሎም አያያቸው፤ ቢኖሩ ድረ ገጹን አያፈጥኑት፣ ቢጠፉም ከዋናው ፋይል መልሶ ይሠራቸዋል።

«ግድ የለም ጋሼ» ብዬ ሳልጨርስ ክው አልኩ። ክፍል የሚያድለውን ፋይል የጻፈው ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ነው። ሲለቅ ዋናውን ይዞት ሄዷል፣ ስልኩም አይሠራም። ለእኛ የቀረው መንታው ብቻ ነበር። አሁን እሱም ጠፍቷል፤ ያለው በበራው ማሽን ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። በጎንደር መብራት ደግሞ ማን ይተማመናል! የጥምቀት እንግዳ ሻንጣውን ይዞ ደጅ ሲያድር ታየኝ።

ባጃጅ ውስጥ «እመብርሃን፣ ዛሬን ብቻ» እያልኩ በየሱቁ አምፖል መብራቱን ሳይ ሄድኩ።

ማሽኑ እየሠራ ደረስኩ። ክፍል እየያዝኩ፣ እየሰረዝኩ፣ የሚመልሰውን እያየሁ ያንኑ ሥራ በሌላ ኮምፒውተር እንደ አዲስ ጻፍኩት። ጋሼ ሻይ አምጥተው «ምነው ልጄ፣ አጠፋሁ እንዴ?» አሉኝ። «ቆይ ጋሼ» ብዬ መጻፌን ቀጠልኩ።

የጻፍኩትን ማሽኑ ላይ አስቀምጬ ቀና ስል መብራቱ ድርግም አለ። የፈሩት ይደርሳል ይሉ የለ! ጀነሬተሩ እስኪነሳ ጨለማው ውስጥ ጠበቅኩ።

ማሽኑን አስነሳሁት። የመጀመሪያው ገጽ ትንሽ አንገራገረና ተከፈተ፣ ሌላው እንደ ድሮው ሄደ። ክፍል ያዝኩ፤ ሰጠኝ። ከአዲሱ ፋይሌ ጎን መንታው ተፈጥሯል።

ጋሼ በትከሻዬ በኩል አጎንብሰው አዩት። «ያውልሽ፣ ተመልሶ መጣ!» ብለው ሊያጠፉት ወደ ኪቦርዱ እጃቸውን ሰደዱ።

ዋናው አሁን በእጄ ስላለ ያኛው ቢጠፋ ምንም እንደማይሆን አሳምሬ አውቃለሁ። ግን በአባቴ እኩያ ሰው ላይ ጮህኩ፤ ኪቦርዱን በሁለት ክንዴ አቅፌ አለቀስኩ።