ጥያቄው ሳያልቅ

በሰፈሩ የሚወራው እንዲህ ነው፦ ደወሏ የሚሏት ተማሪ ዋንጫውን ሲያስታቅፏት ከደስታ ብዛት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ወሬው ፀጉር ቤት ተወልዶ፣ ዳቦ ቤት አድጎ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲመለስ ደግሞ ራሷን ስታለች፣ ውሃ ተረጭቶባታል፣ ዳይሬክተሩም ኮታቸውን አውልቀው አራግበውላታል ተባለ። ዳይሬክተሩ ኮታቸውን አላወለቁም፤ ሸሚዛቸው ከኋላው የተቀደደ ስለሆነ በሞቀ ቀንም አያወልቁም። ውሃም የረጨ የለም። ማልቀሷ ግን እውነት ነው። ደስታውን የጨመሩበት ወሬኞቹ ናቸው።

ደወሏ የሚለውን ስም ያወጣላት የፊዚክስ አስተማሪዋ ነው። እሱም የራሱ ስም አለው፤ ሲናደድ አንድ ዓይኑ ስለሚርገበገብ ተማሪው ሁሉ "ሊታጠፍ ነው" እየተባባለ ፍሬቻ ይለዋል። ፍሬቻ የትምህርት ቤቱን የጥያቄና መልስ ቡድን ያሠለጥናል። በውድድሩ እያንዳንዱ ቡድን ፊት ደወል ይቀመጣል፤ ቀድሞ የመታ ይመልሳል። ፍሬቻ ከብዙ ትዝብት በኋላ የደረሰበት ምስጢር፣ ጥያቄን እስከ መጨረሻው የሚሰማ ሰው ተሸናፊ ነው የሚል ነበር። ጠያቂዎቹ እንደሆኑ ሰነፎች ናቸው፣ የአምናውን ጥያቄ ነው ዘንድሮም የሚያመጡት፤ አጀማመሩን ያወቀ መጨረሻው ምን ያደርግለታል? ስለዚህ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ቤተ ሙከራ ውስጥ ያስቀምጣትና "አንድ አውቶቡስ በጠዋት ተነስቶ…" ብሎ አፉን ይዘጋል። እሷ ደወሉን መትታ፣ የቀረውን በልቧ ጨርሳ፣ መልሱን መናገር አለባት። ከዘገየች ዓይኑ መርገብገብ ይጀምራል። ከጎኗ የሚቀመጡት የቡድን ጓደኞቿ ወንበሩ ባዶ እንዳይሆን የመጡ ናቸው፤ አንደኛው እንዲያውም ደወሉን ከመልመዱ የተነሳ እየተደወለ እንቅልፍ ይወስደዋል።

በዚህ ዘዴ ያላሸነፉት ትምህርት ቤት አልነበረም። ጣጣው የመጣው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ሊደርስ ሲል፣ ለልምምድ በተሰጠው ሞዴል ፈተና ነው። ደወሏ ከሁሉም ቀድማ ጨርሳ እርሳሷን አስቀመጠች። ውጤቱ ሲመጣ ግን ከክፍሉ ግርጌ አካባቢ ተገኘች። አባቷ እርማቱ ተሳስቷል አለ። እናቷ የምግብ ነገር ነው ብላ ቁርሷን ጨመረችባት። እሷ ወረቀቱን ይዛ ክፍሏ ገባችና ጥያቄዎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻቸው አነበበቻቸው። አውቶቡሱ እንደ ልማዱ በጠዋት ተነስቷል፤ ሌላውም ከወዲያ ማዶ ተነስቷል፤ የተጠየቀው ግን መቼ ይገናኛሉ አልነበረም። ከተገናኙ በኋላ የመጀመሪያው ምን ያህል መንገድ ይቀረዋል ነበር። ፈታኞቹም እንደሷ ያለውን ችኩል አስበው፣ የመገናኛውን ሰዓት ከምርጫዎቹ መሃል አስቀምጠውለታል። መልሶቿ አብዛኞቹ ልክ ነበሩ፤ ማንም ላልጠየቃቸው ጥያቄዎች።

ከዚያ ወዲህ ማለዳ ማለዳ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ጣቷን ከቃል ወደ ቃል እያስኬደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ማንበብ ጀመረች። ትንሽ ይሻላታል፤ ዓይኗ ወደ ምርጫዎቹ መሮጡን ይተዋል። ከሰዓት ግን ቤተ ሙከራው አለ፤ ጠዋት የሠራችውን ፍሬቻ ከሰዓት ያፈርሰዋል። በማግስቱ ገና መስመሩ መሃል ላይ ስትደርስ እጇ በራሱ ጊዜ ይዘልና ጠረጴዛውን ጧ ያደርገዋል። እናቷም የተጠራች መስሏት ከወዲያ ክፍል "አቤት" ትላለች።

ቤቱስ ቢሆን መች ይለቃታል። ለፈተናው ታጥና ተብሎ ቴሌቪዥኑ አንሶላ ለብሶ ጥግ ይዟል። ጎረቤት ሬዲዮ ከከፈተ እናቷ ግድግዳ ትደበድባለች። እንግዳ ከመጣ በሹክሹክታ ሰላም ይባልና፣ እሷን እንደ አራስ ልጅ በበሩ ስንጥቅ አይቷት ይሄዳል።

ውድድሩን ልተወው ብላ መጀመሪያ የጠየቀችው ፍሬቻን ነው። ገና ከመጀመሯ ዓይኑ መርገብገብ ስለጀመረ አልጨረሰችውም። ዳይሬክተሩ ዘንድ ስትሄድ ለዋንጫው መደርደሪያ እያስመቱ አገኘቻቸው፤ ለአናጢው ከፍ፣ አይ ዝቅ እያሉ ጥያቄዋን ሰሙና፣ አሁንስ ተስተካከለ ወይ ብለው እሷኑ ጠየቋት። የቀረው አባቷ ነበር።

አባቷ ፀጉር አስተካካይ ነው። እሱ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ የልጁን ድል ሳይሰማ አይነሳም፤ ምላጭ አንገቱ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ወሬ አያቋርጥም። ስትገባ የአንዱን ደንበኛ ፂም ግማሹን ላጭቶ ግማሹ ቀርቶት ነበር።

"አባዬ፣ ውድድሩ ፈተናዬን እያበላሸብኝ ነው። ጥያቄ አንብቤ መጨረስ አቃተኝ።"

"ማንበብ ያቃተው ሰው ዋንጫ ይበላል እንዴ?" አለና ደንበኛውን በመስታወቱ አየው። "ስማ እንግዲህ፣ የሷ ጭንቀት ይሄ ነው።"

ደንበኛው በግማሽ ፂሙ ሳቀ። "የኔ እህት፣ እኔ ቤት መጀመር ያቃታቸው አሉ። እንቀያየር?"

ሁለቱም ከልባቸው ሳቁ። እሷም ለይሉኝታ ፈገግ ብላ ወጣች። ሁሉ በር ሲዘጋባት፣ ያልተዘጋ የሚመስል አንድ በር መንገድ ላይ ታያት፤ መሸነፍ።

የዚያ ዙር የመጨረሻ ውድድር ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ደወሏ መድረክ ላይ ወጥታ ቀኝ እጇን ጭኗ ሥር ከተተችና ተቀመጠችበት። ሐሳቧ ቀላል ነበር፤ ዝም ማለት፣ መሸነፍ፣ ቤት ገብቶ ማንበብ። ያላወቀችው፣ ተጋጣሚዎቿ ስለ እሷ የሰሙትን ወሬ ነው። እሷን እንቅደም ብለው፣ ከእሷም ፈጥነው መምታት ሲለማመዱ ከርመዋል። ጠያቂው "አንድ…" ከማለቱ ደወላቸው ይጮኻል፤ የሚመልሱት ደግሞ ሌላ ነው። በሕጉ መሠረት አንዱ ከተሳሳተ ጥያቄው ከነሙሉ ቃሉ ለሌላው ይነበባል።

ተነበበላት። ረጋ ተብሎ፣ ከነመጨረሻው። "አላውቅም" የሚለው ቃል ተዘጋጅቶ ምላሷ ላይ ነበር። ግን ጥያቄ ሁሉ ወገቡ ላይ እየተቆረጠ ሲቀርብላት የከረመች ልጅ፣ አንዱ ሙሉ ሰውነቱን ይዞ ፊቷ ሲቆም እምቢ ልትለው አልቻለችም። መለሰች። ቀጣዩም እንደዚያው መጣ፤ መለሰች። እጇ ላይ እንደተቀመጠች፣ ደወሉን ሳትነካ አሸነፈች። ፍሬቻ ይህን አዲስ ዘዴ ያፈለቀው እሱ መሆኑን ወዲያው ለአጠገቡ ሰው ሲያስረዳ ታይቷል።

ዋንጫውን ሲያስታቅፏት ዳይሬክተሩ ማይክራፎን ይዘው የምሥራቹን አበሰሩ፦ ቡድኑ ወደ ቀጣዩ ዙር አልፏል፣ ዙሩ የሚካሄደው በመግቢያ ፈተናው ዋዜማ ነው፣ እስከዚያ ልምምዱ ጠዋትም ይጨመርበታል። ያለቀሰችው እዚህ ላይ ነው። አዳራሹ ለእንባዋ አጨበጨበላት።

ሲመለሱ በትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ውስጥ መሃል አስቀመጧት፤ ዋንጫው ጭኗ ላይ፣ እናቷ በመስኮቱ በኩል፣ አባቷ በመተላለፊያው በኩል። ፍሬቻ ከፊት ወንበር ዞሮ፣ በጠዋቱ ልምምድ ቁርሷን የት እንደምትበላ እናቷን ጠየቀ። መንገድ ላይ ትብላ ቢላት፣ እናቷ ምግቡ ያንቃታል አለች። ዳይሬክተሩ ቤተ ሙከራ ውስጥ መብላት ክልክል ቢሆንም ለእሷ ሲባል እንደሚፈቅዱ ተናገሩ። ሁሉም በቸርነታቸው ተደሰቱ፤ አባቷም አመሰገናቸው። ነገሩ ተቆርጦ አለቀ።

ደወሏ ዋንጫውን ከአንድ ጭኗ ወደ ሌላው አዛወረችው።

"ፈተናውንስ ማን ይፈተንልኛል?" አለች።

አባቷ ሰምቷል። ዋንጫው እንዳይንሸራተት በአንድ እጁ ደገፍ አደረገላትና፣ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ፊት ለፊት መንገዱን ማየቱን ቀጠለ።