ያለ ብድር የወጣው ተዝካር

በግቢያችን አምስት ሰዎች ነበርን። እናቴ ጥቁሯን ለብሳ የቤቱን መቃን ተደግፋለች። የአባቴ ታላቅ ወንድም ከድንጋዩ ካብ ሥር፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ቆሟል። የነፍስ አባታችን ከእሱ ራቅ ብለው በፀሐዩ በኩል ናቸው። ከላሊበላ የመጣው እህል ነጋዴ ከበረቱ ደጃፍ፣ ከቀዩ በሬ ጎን። እኔ በነጋዴውና በእናቴ መካከል ነበርኩ።

አባቴ ከሞተ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። አርባው ሲደርስ ተዝካሩ መውጣት ነበረበት፤ በእኛ አገር ደግሞ ተዝካር ማለት ዳስ ጥሎ ካህናቱንም አገሬውንም ማብላት ነው። ነጋዴው ጤፉን፣ የጠላውን ገብስና የበጎቹን ዋጋ ሊያበድር ተስማምቷል። መሬት የመንግሥት ከሆነ ወዲህ በመሬት የሚያበድር የለም፤ መያዣው በሬ ነው። ሊያየው መጣ። ሻኛውን ዳበሰ፣ አፉን ከፍቶ ጥርሱን አየ።

ከሰባ ሰባቱ ድርቅ የተረፈልን ያ በሬ ብቻ ነበር። ከጎረቤታችን አንድ በሬ ጋር በመቀናጆ ይጠመዳል፤ አንድ ቀን የእኛን፣ አንድ ቀን የእነሱን ያርሳል። እሱ ከሄደ የእናቴ ማሳ ጦም ያድራል። እኔ ያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ላሊበላ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ።

«በሬው አይያዝም» አልኩ።

ነጋዴው እጁን ከሻኛው ላይ አላነሳም። «እመት፣ የቤቱ ባለቤት ማን ነው? እርስዎ ወይስ ልጅዎ?» ሲል እናቴን ጠየቃት። ከእሷ በፊት አጎቴ ወደ እኔ ዞረ።

«ለሬዲዮ ብር አለ፣ ለአባት ነፍስ የለም! ወንድሜን እንደ መንገደኛ በጭብጥ ቆሎ ልትሸኚው ነው?»

«ሬዲዮውን ከደመወዜ ቆጥቤ ነው የገዛሁት፣ ጋሼ። አልተበደርኩም።»

«እሰይ! እንግዲያው የተዝካሩ ዕለት እሱን ክፈቺላቸው፤ ካህናቱ ዜና በልተው ይጥገቡ።»

ነጋዴው ሳቀ። እናቴ እንኳ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች።

ወደ ነፍስ አባታችን ዞርኩ። «አባ፣ በግና ጠላ ከሌለ ጸሎቱ አይደርስለትም?»

«ለነፍሱስ ፍትሐቱ ነው፣ ልጄ» አሉ። «ለነዳያን ዳቦና ንፍሮ ይበቃል። የቀረው የሰው ነው።»

እኔ የምፈልገውን አገኘሁ። እናቴን፣ «ከነወለዱ በምን ትመልሺዋለሽ? መኸሩ ቢያጥርሽ በሬው ይሄዳል፤ በሬው ከሄደ በዓመቱ ደግሞ ለዘር ትበደሪያለሽ» አልኳት። በሬውን አየችው። ከዚያ ነጋዴውን አየችው።

«ይቅር በቃ» አለች። ነጋዴው በቅሎውን ፈትቶ ሄደ።

አርባው ሲደርስ ዳስ አልተጣለም። ፍትሐቱ ተደረገ፣ ዳቦውና ንፍሮው በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለነዳያን ታደለ። አገሬው አልተጠራም። አጎቴም አልመጣም። ስንመለስ እናቴ ዳገቱ ላይ ቆም አለችና፣

«የነጋዴውን ብድር አስቀረሽልኝ፤ እግዜር ይስጥሽ። የበላሁትንስ?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ከተዳርኩ ጀምሮ በየሰዉ ዳስ ተቀምጬ በልቻለሁ። አባትሽም በልቷል። እሱ ብድር አይደለም?»

«እነሱም እኮ ተበድረው ነው ያበሉሽ።»

«አዎ» አለች። «ተበድረው ነው ያበሉኝ።»

በሬው ቀረልን። በክረምቱ ማሳችን ታረሰ፣ ገብሱም ደህና ያዘ፤ ነጋዴውም ወደ ደጃችን አልመጣም። ያልኩት ሁሉ ልክ ነበር። ከደመወዜ አንድ ጋን ጠላ አስጠምቄ የቅርብ ጎረቤቱን ብቻ መጥራት እችል እንደነበር ያሰብኩት ቆይቼ ነው። ሬዲዮውን መሸጥም ነበረ። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም።

በዓመቱ፣ በሬ የምንቀናጀው ጎረቤታችን የእናቱን ተዝካር አወጣ። እኔም ከላሊበላ መጣሁ። እናቴ ሳምንቱን ሙሉ እዚያ ቤት ብቅል ስትፈጭ፣ ሽንኩርት ስትልጥ፣ ውሃ ስታመላልስ ሰንብታለች። በዕለቱም እንግዳውን ስታስተናግድ ዋለች። ካህናቱ ከተነሡ በኋላ የሴቶቹ ማዕድ ቀረበ። የጎረቤታችን ሚስት የእናቴን እጅ ይዛ ከጎኔ ልታስቀምጣት ሞከረች።

«ኧረ እትዬ፣ ደክመሻል፣ አረፍ በይና ቅመሺ!»

«ጠግቤያለሁ፣ እቴ።»

ከጠዋት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሰች አውቃለሁ። እኔ ቆርሼ ነበር፤ ጣቶቼ ወጥ ነክተዋል። እናቴ እጄን አየች። ነጠላዋን አጣፋችና በዳሱ ጓሮ በኩል ወጣች።