ጤነኞቹ ለምን ታመሙ?

እትዬ ሙቀጫ ይሏታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ ላቦራቶሪ ውስጥ የቲማቲም ቅጠል ስትወቅጥ ለኖረች ሴት ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል? ዲፕሎማዋንማ ማን ያስታውሰዋል? በእናቷ ሳሎን ተሰቅሏል፤ እናቷም ሳትሰለች አቧራውን ትጠርግለታለች።

ሥራው ቀላል ነው፣ ለማይሠራው። ተክል ቫይረስ ሲይዘው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ራሱን የሚከላከልበትን ኢንዛይም ያበዛል። እሷ ቅጠሉን በረዶ ላይ ባስቀመጠችው ሙቀጫ ወቅጣ፣ ጭማቂውን አጥልላ መድኃኒት ጠብ ታደርግበታለች። ኢንዛይሙ ከበዛ ጭማቂው ቡናማ ይሆናል። የበሽተኛው ቡናማ፣ የጤነኛው ገርጣ ያለ፤ ወጉ እንዲህ ነበር።

ዘንድሮ ግን ጤነኞቹም ቡናማ ሆነው አረፉት። የላቦራቶሪው አለቃ ዶክተሩ የሦስት ዓመት ጥናታቸው ገደል ሲገባ ጥፋተኛ ለማግኘት ሦስት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ሙቀጫውን በደንብ አታጥብም፣ ብልቃጥ ታቀያይራለች አሉ። እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ትዛወራለች ተባለ። ይህን ሁሉ ዘመን ወቅጦ ወቅጦ መጨረሻው መጥረጊያ መቁጠር! ግን «እሺ» ብላ ወጣች፤ እሺ ማለትን ከዲፕሎማው በፊት ነው የተማረችው።

ሙቀጫውን ደጋግማ አጠበች፣ ብልቃጦቹን ቀቀለች። ያው ቡናማ። ነገሩ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ መሆኑ የገባት ረቡዕ ጠዋት፣ ችግኝ ቤት ውስጥ ጎንበስ ብላ ቅጠል ስትለቅም ነው። በመተላለፊያው ዳር ያሉት ጤነኞች ቅጠላቸው ላይ የጥፍር ጠባሳ አለባቸው። እጅ የማይደርስባቸው የኋለኞቹ ንጹሕ ናቸው። ተክል ደግሞ ሲቆስልም ያንኑ ኢንዛይም ያበዛል፤ ቫይረስ ነው ጥፍር ነው ብሎ አይመርጥም። ከሁለቱም ረድፍ ወቀጠች። የፊተኞቹ ቡናማ ሆኑ፣ የኋለኞቹ ገረጡ። ሁለቱን ጭማቂ በየብልቃጡ ዘግታ አስቀመጠች።

ዓርብ ጠዋት ዶክተሩ እንደ ልማዳቸው ችግኝ ቤቱን ሊጎበኙ ገቡ፣ በግራ እጃቸው የዝውውሯን ደብዳቤ ይዘው። ስለ ንጽሕናና ስለ ኃላፊነት ረጅም ምክር ለገሷት። ቀኝ እጃቸው ግን ሥራ አልፈታም፤ ትኩስነቱን ሊፈትሹ፣ ዘንድሮ እንዳመጡት ልማድ፣ ከአንዱ ጤነኛ ችግኝ ቆንጠር አደረጉና አሸተቱ።

«ያልተጠነቀቀ እጅ ጥናት ያበላሻል» አሏት።

«ዶክተር፣ እስቲ ጥፍርዎን ይዩት» አለች ረጋ ብላ።

አዩት። አረንጓዴ ነበር። እሷም ሁለቱን ብልቃጦች ከጋውኗ ኪስ አውጥታ፣ የትኛው ከየትኛው ረድፍ እንደሆነ ነግራ ፊታቸው ደረደረች። ዶክተሩ ብልቃጦቹን ሲያዩ፣ ጣታቸውን ሲያዩ ቆዩና ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

ሰኞ ግን ፊርማቸው ያለበት ማስታወቂያ ወጣ፦ «ለቴክኒሻኖች የችግኝ ቅጠል መንካት በጥብቅ የተከለከለ ነው።» አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። ቅጠል ሳይነኩ እንዴት እንደሚወቀጥ ማስታወቂያው አላብራራም። በችግኝ ቤቱ በር ላይ እንድትለጥፈውም የታዘዘችው እሷው ናት።

«እሺ» አለች። ወረቀቱን ልክ በዶክተሩ ዓይን ትይዩ ለጠፈችው። ከጎኑም ምስማር መታችና በክር አንድ ጥፍር መቁረጫ አንጠለጠለችበት።