ድራም የሸፈነው ሙሾ

ንስሐ አባቴ ስለ መጠጡ ሰምተዋል፣ ስለ ወንዶቹም ሰምተዋል። ይህን ግን አልሰሙም። ባሌም ሳይሰማው ሞተ። ጋዜጠኛ በጠየቀኝ ቁጥር ሳቅ ብዬ ያለፍኩትን ነገር ዛሬ ለእናንተ ለምታነቡት ልናገር ነው። ሰርቄያለሁ። የሰረቅኩትም ከልቅሶ ቤት ነው።

ደርግ ወድቆ ሰዓት እላፊው ሲነሳ የኮምቦልቻ ሆቴሎች የሙዚቃ ቡድን ይፈልጉ ነበር። እኔ ኤሌክትሪክ ጊታር አንግቼ ሮክ የምጮህ ሴት ነበርኩ። ሰው መጀመሪያ ሊስቅብኝ ይመጣ ነበር፤ ኋላ ሊሰማኝ መጣ። ትርንጎ አብራኝ ታዜም ነበር። ደሴ፣ ሆጤ፣ አንድ ግቢ ውስጥ አብረን ያደግን ጓደኛዬ ናት። እናቷ እትዬ ደብሬ ከእሷ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። ትርንጎ በአራት ቀን ሕመም ሞተች።

በሰልስቱ እትዬ ደብሬ ድንኳኑ መሀል ቆመው፣ ደረታቸውን እየመቱ ሙሾ አወረዱ። በእኛ ሰፈር ሙሾ የሟች ነው፤ ለአንዱ የወጣው ለሌላው አይባልም፣ ከልቅሶ ውጭም አይዜምም። ልጅ እንኳ በጨዋታ ቢያንጎራጉረው “አታሟርትብን!” ተብሎ ይቆነጠጣል። እሳቸው እንዲህ አሉ፦

ጫማሽ ከበር ቆሟል አፉን ወደ መንገድ፣
ምን ቢያስቸኩልሽ ነው በባዶ እግር መሄድ።

እኔም አለቀስኩ፤ እውነቴን ነው፣ አልቅሻለሁ። ግን እያለቀስኩ ጆሮዬ ዜማውን ይይዝ ነበር። እግሬ መሬቱን ይመታ ነበር። በጓደኛው ልቅሶ ላይ ምት የሚቆጥር ምን ዓይነት ሰው ነው? እኔ ነኝ። ወደ ጓሮ ዞሬ፣ ግድግዳ ተደግፌ፣ እስክሸመድደው ደጋገምኩት። አንዲት ጎረቤት ኀዘኑ የጣለኝ መስሏት “አብሽሪ እህቴ” ብላ ውሃ አመጣችልኝ። ተቀብዬ ጠጣሁ።

ብዙም ሳይቆይ የትርንጎ ጫማ በዘፈኔ ውስጥ የከዳኝ ወንድ ጫማ ሆነ። ፍጥነት ጨመርኩበት፣ ድራም ጫንኩበት፣ ጊታሩን አስጮኽኩበት። ካሴቱ ላይ “ግጥምና ዜማ” ከሚለው ጎን ስሜን አስጻፍኩ። ለራሴ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? ለትርንጎ መታሰቢያ ነው አልኩ። ውሸት ነው። መታሰቢያ ከሆነ ስሟ የት አለ? ዘፈን አጥቼ ነበር፤ አገኘሁና ወሰድኩ። የኮምቦልቻ ሚኒባስ ሁሉ እሱን እያስጮኸ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ይወጣ ጀመር፤ እኔም ጋቢና ተቀምጬ ስሰማው ደስ ይለኝ ነበር።

ሙት ዓመቷ ደረሰ። እትዬ ደብሬ ተነስተው “ጫማሽ ከበር…” ብለው ገና ሲጀምሩ ከልጃገረዶቹ አንዷ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ዘይነባ የምትባል ጎረቤት፣ ክፋት የሌለባት ሴት፣ “ኧረ እትዬ ደብሬ፣ ይኸማ የሷ ዘፈን ነው ወላሂ!” ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። ሰው ሁሉ ዞረ። እናትየው ልጃቸውን በሆቴል ዘፈን የሚያለቅሱ መሰሉ። መናገር ነበረብኝ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ምን አልኩ? “ግድ የለም፣ ይበሉት” አልኩ። ፈቀድኩላቸው! የራሳቸውን ሙሾ፣ ለገዛ ልጃቸው፣ እኔ ፈቀድኩላቸው። ለአፍታ አዩኝና ተቀመጡ። ሙሾውም ተጀምሮ ቀረ።

ዓመታት አለፉ፤ ድምፄም ለጩኸት አልሆን አለ። የድሮ ዘፈኖቼን ያለ ድራም፣ በተራ የእንጨት ጊታር ብቻ እንደገና ልቅረጽ ብዬ ተነሳሁ። ሌሎቹ ደህና ሄዱ። የጫማው ዘፈን ጋ ስደርስ ቀስ ብዬ ጀመርኩት። የሚሸፍነው ነገር አልነበረም። ከጉሮሮዬ የወጣው የእትዬ ደብሬ ድምፅ ነው። የሚቀርጸው ሰውዬ ማዳመጫውን አውልቆ “ይቅርታ፣ ይኸ እኮ ለቅሶ ነው” አለኝ። ጊታሬን ይዤ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሆጤ ሄድኩ። እትዬ ደብሬ አርጅተዋል፤ በራቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። እግራቸው ላይ ወድቄ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የጓሮውን ሳይቀር።

“አውቃለሁ ልጄ” አሉኝ።

“በእርስዎ ድምፅ ይቀረጽ፤ ስሙም የእርስዎ ይሁን” አልኳቸው።

“ምኑን እላለሁ? ልጀምረው ስል ያንቺ ከበሮ ይመጣብኛል። ለብቻዬ ሆኜ እንኳ ብዬው አላውቅ። አንቺ ታውቂው የለ? እስቲ ስሟን እየጠራሽ በይልኝ።”

አልኩላቸው። ትርንጎ፣ ትርንጎ እያልኩ አልኩላቸው። አንድ ቦታ ላይ እጃቸውን አነሱ።

“ከዚህ ቀጥሎ አንዲት ነበረች። ከሁሉ እሷን ነው የምወዳት። እስቲ እሷን።”

አዎ፣ ነበረች። ረጅም ስለሆነች ከድራሙ አልገጥም ብላኝ የጣልኳት ስንኝ ነበረች። ዘፈኑን ስሠራ ጣልኳት፤ ከዚያ ወዲህ አፌ ገብታ አታውቅም። ምን ትል እንደነበር ጠፋኝ። እሳቸውም ጠፋቸው። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ጠበቁኝ።

ስሜን ከዘፈኑ ላይ አስፍቄያለሁ። ይህ ይቅርታ ያሰጠኛል ብዬ አይደለም፤ ወጣት ነበርኩ ብዬም አላመካኝም። ስሰርቅ የምሰርቀውን አውቅ ነበር። እትዬ ደብሬ ይቅር ብለውኛል፣ በአፋቸው ብለውኛል። ግን ከሆጤ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው ባገኙ ቁጥር “ያቺ ስንኝ ትዝ አላት ወይ?” ብለው ይልኩብኛል።

አላለኝም።